ውሻችን ሐይቅ ዳር ምን ይሠራል?

(ሐዋሳ፣ በአንድ የሐይቅ ዳር ሰፈር እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ሰብሳቢያችን አጀንዳውን ሲያነቡ “ውሻ” የሚለው ላይ ሲደርሱ ሳቅ ሰምቻለሁ። እኔም ፈገግ ብያለሁ። እድር ለቀብርና ለለቅሶ እንጂ ለውሻ ሲሰበሰብ አልተለመደም። ግን በዚህ ሰፈር ሁለት ቤተሰቦች በውሻ ምክንያት ሰላምታ አቋርጠዋል። ነገ ከሁለቱ ባንዱ ቤት ሐዘን ቢገባ ሌላው እንዴት ብሎ ሊሄድ ነው? ስለዚህ ጉዳዩ የእድር ነው።

ሳላዞር ልናገር። ለሌባ ብለን ማታ ማታ የምንፈታቸው ውሾች ጎህ ሳይቀድ ሐይቅ ዳር ናቸው። እዚያ ወፍ ያባርራሉ፣ እንቁላል ይበላሉ፣ ጦጣ ያሳድዳሉ። ባለቤቱ በዚያን ሰዓት ተኝቷል። ጠዋት ሲነሳ ውሻው በር ላይ ተጋድሞ ያገኘዋል። “የኔ ውሻ እኮ ከግቢ አይወጣም” የሚለው ለዚህ ነው። ሰውዬው አልዋሸም። አላየማ!

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ትንሽ ክፍል ውስጥ ያለሁ ከመሰለኝ ታገሱኝ፤ ፈተና የለውም።

ሐይቃችን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስናየው ሰፊ ነው። ለአብዛኞቹ ወፎች ግን ቁም ነገሩ ያለው መሃል ውሃው ላይ አይደለም። ዳርና ዳሩ ላይ ነው፤ ፊላውና ቄጠማው ያለበት ቀጭን መሬት ላይ። ይህን መሬት ደግሞ እኛም እንፈልገዋለን። ሆቴሉ እዚያ ነው፣ መንገዱ እዚያ ነው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ከብት የሚጠጣው እዚያ ነው። ለወፎቹ ጸጥ ብሎ የሚቀርላቸው ሰዓት ማታና ንጋት ብቻ ነው። ያንን ሰዓት ነው ለውሾች የሰጠነው።

አንዲት ወፍ ልጥቀስ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አናቷና ደረቷ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ፣ እግሯ ረጅም፣ ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ ጩኸቷን የምታቀልጠው። ይህች ወፍ ዛፍ ላይ ጎጆ አትሠራም። መሬቱን ትንሽ ጫር ጫር ታደርግና አብዛኛውን ጊዜ አራት እንቁላል እዚያው ትጥላለች። እንቁላሉ ከአፈሩ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ረግጦት ሊያልፍ ይችላል። ውሻ ግን በዓይኑ አይደለም የሚፈልገው፤ በአፍንጫው ነው። ከአፍንጫ የሚያመልጥ ቀለም የለም።

ውሻው እንቁላሉን ባያገኘው እንኳ ችግር አለ። የእኛ ፀሐይ እንቁላል ታበስላለች። እናትና አባት እየተፈራረቁ የሚቀመጡበት ለማሞቅ ብቻ አይደለም፤ ጥላ ለመሆንም ነው። ሙቀቱ ሲበረታ የሆዳቸውን ላባ ውሃ ውስጥ ነክረው መጥተው እንቁላሉን ያረጥቡታል። እንግዲህ አስቡት። ውሻ በመጣ ቁጥር ይነሳሉ፣ ይጮሃሉ፣ ሊያባርሩት ይሞክራሉ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ነው። ውሻው ምንም ሳይነካ ቢሄድም ጉዳቱ ደርሷል። “ኧረ እሱ ይጫወታል እንጂ አይበላም” የምንል ሰዎች ይህን ብናስብ ጥሩ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒ አካባቢ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ሞክረው ነበር። ውጤቱ የወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በጫካ መንገድ ላይ ውሻ በገመድ ታስሮ፣ ከባለቤቱ ጋር ዝም ብሎ እንዲያልፍ አደረጉ። ከዚያ ወፎቹን ቆጠሩ። ውሻ ካላለፈበት መንገድ ጋር ሲያስተያዩት የወፎቹ ቁጥር በ41 በመቶ፣ ዓይነታቸው በ35 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የታሰረ ውሻ ነው እንግዲህ! የኛዎቹ አምስትና ስድስት ሆነው፣ ገመድ ሳያውቁ ነው የሚሄዱት።

ከመስከረም ወዲህ ደግሞ እንግዶች አሉብን። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች እዚህ የሚያርፉት ለመብላትና ለመወፈር ነው። መጋቢት አካባቢ መመለሻቸው ሲደርስ ያን ሁሉ አገር የሚያቋርጡት በዚህ ስብ ነው። ቀኑን ሙሉ ብድግ ቁጭ እያለ የከረመ ወፍ በምን አቅሙ ይሄዳል?

ጉሬዛና ጦጣን በተመለከተ ወቀሳው ለባለ ውሾች ብቻ አይደለም። ጉሬዛ ከዛፍ ብዙም መውረድ አይወድም። ዛፎቹን እየቆረጥን ስላራራቅናቸው ግን ካንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ መሬት ለመሬት ይሮጣል። ውሻው የሚያገኘው ያኔ ነው። ጦጣዋን ደግሞ በሙዝ ጠርተን የምናወርዳት እኛው ነን። ፎቶ ለመነሳት! የዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል አካባቢም የዓሣ ሆድቃና ጭንቅላት በየቦታው እንጥላለን። አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ ያነሳዋል ብለን ነው፤ ያነሳዋልም። የተረፈው ግን ውሻ ይጠራል። ቆሮሶ ዓሣ የለመደ ውሻ ደግሞ ግቢ ውስጥ ቁጭ በል ቢሉት አይሰማም። ውሻ የሌለው ሰውም ስለዚህ ቆሻሻውን በአግባቡ ይጣል፤ ለጦጣም ሙዝ አይስጥ።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ። ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ባሌ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በአገር ደረጃ የቀረውም 500 ገደማ ነው። ይህን እንስሳ ደጋግሞ የፈጀው አዳኝ አይደለም፤ ከእረኛና ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በሽታው እዚያው ባሌ ወብ ሸለቆ ሲገባ በወራት ውስጥ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጠረገ። ውሾቹ የሰው ናቸው። ባለቤት አላቸው። ያልነበራቸው ክትባት ነው።

እኛ ሰፈር ቀበሮ የለም። ሕፃናት ግን አሉ። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው ይገድላል። ለሰው የሚተላለፈውም ከሞላ ጎደል ሁሌ ከውሻ ነው፤ ከመቶው 99። ከሚሞቱት ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ ይከላከሉታል። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። ቡና መደፍደፍ የለም፣ “እስቲ እንየው” ብሎ ማደር የለም። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ አልከለክልም። ክትባቱን ግን ወስዶ ይሂድ። በሽታው በሰውነት ውስጥ ሁለትና ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ድረስ ተደብቆ ይቆያል። “ይኸው ደህና ሆነ” ብለን የምንዘናጋው በዚህ ነው።

እሺ፤ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ የማናደርገውን ልናገር። መርዝ አንጥልም። ስብሰባው ሳይጀመር በር ላይ ቆመው “አንድ ኪሎ ሥጋ ይጨርሰዋል” ሲሉ የሰማኋቸው አሉ። ስም አልጠራም። መርዝ የበላ ውሻ ሜዳ ላይ ይሞታል። ሬሳውን ጥንብ አንሳ ይበላዋል፤ አባ ኮዳም ይደርሳል። ተከታትለው ይሞታሉ። በየጣሪያችን ላይ የምናያት ያቺ ትንሿ ቡናማ ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግባለች። አፍሪካ ውስጥ ዋናው ገዳይዋም መርዝ ነው። ወፎቹን እናድን ብሎ ተነስቶ ወፍ መግደል ምን ይሉታል? ሥጋውን ልጅ ቢያነሳውስ?

ሁለተኛ፣ በጎረቤት ውሻ የተማረረ ሰው ቪዲዮ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ አይለጥፍ። ቪዲዮው ይጠቅማል፤ ለባለቤቱ ለብቻው ለማሳየት። ጠዋት በንዴት በር መደብደብም አያስፈልግም። ከሰዓት፣ ቡና ሲፈላ ሂዱ። “ጋሼ፣ ውሻዎ ሌሊት በጓሮ በኩል ይወጣል። አጥሩ የተቀደደበትን ላሳይዎት?” በሉ። ውሻቸውን ከሰደባችሁ እሳቸውን እንደሰደባችሁ ነው የሚቆጥሩት። ስለ አጥሩ ካወራችሁ ግን ተያይዛችሁ ልታዩት ትሄዳላችሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ሌባም በዚያው ይገባል በሏቸው። ከወፍ ይልቅ ይሄኛው ቶሎ ይገባቸዋል። እኔ ለጎረቤቴ የነገርኳቸው እንደዚህ ነው፤ በሳምንቱ ሽቦ ገዝተው መጡ።

እምቢ ያለስ? ሽማግሌ ይላካል። የሲዳማ አባቶች ሁሉንም ወገን ሳይሰሙ ፍርድ አይሰጡም፤ እኛም እንደዚያው እናድርግ። ምናልባት ሰውየው የሚያስር ገንዘብ የለው ይሆናል፤ ምናልባት ውሻው የልጁ ነው። ሕግም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው ቢያመልጠውም እንኳ። በሕግ ላስፈራራ ብዬ አይደለም። “ውሻ ነው፤ ምን ላድርገው” የሚለው መልስ እንደማያዋጣ እንድናውቅ ነው። ወፍ ፍርድ ቤት አትሄድም፤ የተነከሰ ልጅ አባት ግን ይሄዳል።

ለባለ ውሾች የምለው ይሄ ነው። ማታ ከመፍታታችሁ በፊት አብሉት። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ ካልበላበት ሌላ ቦታ ሄዶ ይበላል። ንጋት ላይ በር ስትከፍቱ አስቀድማችሁ እሰሩት። አብዛኛው የሚያመልጠው በዚያች ሰዓት ነው፤ ሠራተኛ ሲወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲኬድ። ቀኑን ሙሉ አጭር ሰንሰለት ላይ ማዋል ግን ውሻውን ክፉ ያደርገዋል። በገመድ ይዛችሁ በሰፈር መንገድ አዙሩት እንጂ በፊላው ዳር አትውሰዱት። ወንድ ውሻ ሴት ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፤ ማኮላሸት ይቻላል፤ ነውር የለውም። ቡችላ ሲበዛ በካርቶን አድርጎ ሐይቅ ዳር መጣል ግን ነውር ነው። ዛሬ መንጋ ሆነው የምናያቸው ከየት የመጡ መሰላችሁ?

ይህ ሁሉ ለእድር በዛ የሚል ካለ፣ እዚህ ከተማ ጉዱማሌ ላይ በየዓመቱ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጫምባላላ፣ ሕዝብ ይሰበሰባል። አባቶች እዚያ ስለ ሥራ፣ ሽማግሌ ስለማክበር፣ አገር በቀል ዛፍ ስላለመቁረጥ ይመክራሉ። ስለ ዛፍ ተሰብስቦ የሚመከርበት ከተማ ስለ ወፍ ለመነጋገር አያፍርም።

ኮሚቴው ተነጋግሮ ያቀረበው ሐሳብ ሦስት ነው፤ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። ጸሐፊያችን ውሻ ያለውን ቤት ሁሉ ይመዘግባል፤ ለቅጣት አይደለም፤ ስንት ክትባት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ነው። ከአሥር ውሻ ሰባቱ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል፤ ያ ቁጥር ለዚህ ሰፈር ከባድ አይደለም። የከተማውን የእንስሳት ሐኪም አነጋግረን በአንድ ቅዳሜ እዚሁ ግቢ እንዲከትቡልን እንጠይቃለን። አጥር ለመጠገን አቅም ለሌላቸው ደግሞ ወጣቶቻችን ጉልበት፣ እድሩ ሽቦ ያዋጣል። ከሽቦው ወጪ ላይ ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ። ሒሳቡ ገንዘብ ያዡ ጋ አለ፤ እሳቸው ያስረዳሉ።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው። የቤት ቁጥር፣ የውሻ ብዛት፣ ተከትቧል ወይስ አልተከተበም፤ ሌላ የሚጠየቅ የለም። ስለ ንክሻም ሆነ ስለ ክትባት ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ።