«አይዞሽ» ሳይቀድም

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ጥቂት ሰዓት ተኝቼ ነው የተነሳሁት፤ ድምፄ ከጎረነነባችሁ ለዚያ ነው።

እዚህ ለንደን በነርስነት እየሠራሁ የካውንስሊንግ፣ ማለትም የሥነ ልቦና ምክር፣ ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማዬን እንዴት እንደጨረስኩ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል፤ በተለይ በማኅበራዊ ሥራና በማስተማር ላይ ያላችሁ። የጊዜውንና የገንዘቡን ነገር እነግራችኋለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን እሱ አልነበረም። የከበደችኝ አንዲት ቃል ናት።

የመጀመሪያው ዓመት ነው። ሦስት ሦስት ሆነን እንለማመዳለን፦ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ያዳምጣል፣ ሦስተኛው ይታዘባል። አዳማጯ እኔ ነበርኩ። የክፍል ጓደኛዬ ስለ ወንድሟ መናገር ጀመረች፤ መሀል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠና እንባዋ ወረደ። ሳላስበው እጇን ያዝ አድርጌ «አይዞሽ» አልኳት። በአማርኛ! ቃሉን ከየት ታውቀዋለች? ግን ገባት። ወዲያው ዓይኗን ጠረገች፣ ቀና ብላ «ይቅርታ» አለችኝ፣ ወሬዋንም ቀየረች። ወንድሟን ያን ቀን ደግማ አላነሳችውም።

ስንጨርስ መምህራችን ቀስ ብላ «ማንን ለማረጋጋት ነበር?» አለችኝ። ዝም አልኩ። መልሱ የመጣልኝ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ለቅሶዋን መቻል ያቃተኝ እኔ ነበርኩ።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ እኔ በ«አይዞሽ» ያደግኩ ሰው ነኝ። ነርስነቱም ቢሆን ያው ነው፤ ሕመም አይቶ ማስታገስ፣ መመዝገብ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ማለፍ። በካውንስሊንግ ግን ሰውየው ሕመሙን ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ላስታግስለት ስሮጥ አፉን እዘጋበታለሁ።

ይህን በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት በድምፅ ቅጂ ነው። ከደንበኛ ጋር የተነጋገርነውን በፈቃዱ እንቀዳና ከላዩ አሥር ደቂቃ ያህሉን ቃል በቃል ጽፈን እናቀርባለን። ልማዱ የቆየ ነው፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ ከአንድ ሰው ጋር ያደረገውን ሙሉ ሕክምና፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በሸክላ ቀድቶ ንግግሩን እ.ኤ.አ. በ1942 አሳትሞታል። እኔም የራሴን ስጽፍ፣ ሰውየው ዝም ካለ በኋላ ስንት ሰከንድ ቆይቼ እንደምገባ ቆጠርኩ። አራት። አምስት። አንድም ቦታ አሥር አልደረስኩም። ያን ወረቀት እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

አሁን ወደ ጠየቃችሁኝ ልመለስ። ብሪታንያ ውስጥ «ካውንስለር» ወይም «ሳይኮቴራፒስት» (በንግግር የሥነ ልቦና ሕክምና የሚሰጥ) የሚለው የሙያ ስም በሕግ የተጠበቀ አይደለም፤ ማንም ሰው ራሱን እንዲያ ብሎ ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ኮርሱ በየትኛው የሙያ ማኅበር ዘንድ ዕውቅና እንዳለው ጠይቁ። በካውንስሊንግ በኩል ትልቁ ማኅበር ቢኤሲፒ (የብሪታንያ የካውንስሊንግና የሳይኮቴራፒ ማኅበር) ነው፤ እሱ ዕውቅና የሚሰጣቸው ኮርሶች ቢያንስ 100 ሰዓት ከእውነተኛ ደንበኛ ጋር፣ በሱፐርቫይዘር ክትትል፣ መሥራትን ይጠይቃሉ። በሌላው የሙያ ማኅበር፣ በዩኬሲፒ በኩል ሳይኮቴራፒስት ልሁን ላለ መንገዱ ይረዝማል፦ በማስተርስ ደረጃ፣ አራት ዓመት ገደማ፣ 450 ሰዓት።

100 ሰዓት ሲባል የሁለት ሳምንት ተኩል ሥራ ይመስላል። እኔን ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። በሳምንት አንድ ማታ ሦስት ሰው ነበረኝ፤ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይሰርዛል፣ ደንበኛ ካልመጣ ደግሞ ሰዓቱ አይቆጠርልኝም ነበር። ክፍያም አልነበረውም። በዚያ ላይ የራሴን ቴራፒ፣ እኔው ደንበኛ የምሆንበትን፣ በየሳምንቱ ከኪሴ እከፍላለሁ፤ ለእሱ ስል ነው ባንክ ሺፍት፣ ማለትም ከመደበኛው ሰዓቴ ውጭ ተጨማሪ የነርስ ፈረቃ፣ የያዝኩት። ልጆች ያሏችሁ፣ እባካችሁ፣ ከቤተሰባችሁ ጋር ሳትመክሩ አትመዝገቡ።

ለራሴ ቴራፒ የከፈልኩት ግን ቆጭቶኝ አያውቅም። ሦስተኛው ወር ላይ ቴራፒስቴ ስለ አባቴ ጠየቀችኝ። አባቴ ያረፈው እኔ እዚህ ሳለሁ ነው፤ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሩ አልደረስኩም። «ሆድ ይፍጀው» አልኳት፣ እንደለመድኩት በአማርኛ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደምንም ተረጎምኩት፦ ነገሩ ሆድ ውስጥ ይቅር፣ ሆድ ራሱ ይጨርሰው። ትንሽ ቆየችና «ታዲያ ጨረሰው?» አለችኝ።

ያን ሳምንት ሙሉ ስለ ሆድ ሳስብ ሰነበትኩ። ሆዴ ባባ እንላለን፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴን ባር ባር አለው። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» የሚል ተረት አለን። ቋንቋችን ኀዘኑ የት እንዳለ በደንብ ያውቃል። ያም ሆኖ የምናደንቀው ሁሉን ችሎ፣ ውጦ የሚኖረውን ነው። ያለቀሰውን ሆደ ባሻ ብለን እናልፈዋለን። ይህ ያሳዝነኛል፤ እኔ ራሴ ታናሽ እህቴን ስንት ጊዜ እንዲያ ብያታለሁ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። እንደ ወትሮው ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራችኝ። ከዚያ «ዛሬ የአባትሽን ጋቢ አውጥቼ አጠብኩት» አለችና ዝም አለች።

«አይዞሽ እማዬ» አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያዝኩት።

«ሄሎ? ምነው፣ ተቋረጠ እንዴ?»

«አለሁ እማዬ። እየሰማሁሽ ነው።»

እንደገና ዝም አለች። ጓሮ የሚጮኸው ዶሮ ይሰማኛል። ከዚያ አባቴ ያረፈበትን ሌሊት ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንስታው የማታውቀውን። ውኃ እንደጠየቃት፣ ትራሱን ከፍ እንዳደረገችለት፣ ሊነጋጋ ሲል ስሜን ጠርቶ «ይሄኔ ከሥራ ወጥታ ይሆን?» እንዳላት።