የጋዳሜስ ጥላ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለ አንዲት የበረሃ ከተማ ላጫውታችሁ ነው። ጋዳሜስ ትባላለች። ሊቢያ ውስጥ፣ ከአልጄሪያና ከቱኒዚያ ድንበር አጠገብ ናት። ሰዎች የሰፈሩባት ምንጭ ስላላት ነው። ምንጩ ዓይን አል-ፋራስ ይባላል፤ የቴምሩ እርሻ ሁሉ የኖረው በእሱ ነው። ውሃውን ለየአትክልቱ በሰዓት ለክተው ይከፋፈሉት ነበር።

በጋ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አሮጌው ከተማ መንገድ ውስጥ ስትገቡ ግን ጥላ ነው፤ ቀዝቀዝ ይላል። ለምን? የቤቶቹ ፎቅ ወጣ ብሎ መንገዱን ከላይ ይሸፍነዋል። የአንዱ ቤተሰብ ሳሎን ወለል ለመንገደኛው ጣሪያ ይሆናል። አልፎ አልፎ የተተወ ክፍተት ብርሃንና አየር ያስገባል። ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። እዚያ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው የጎረቤቱንም ጥላ ያፈርሳል።

ግድግዳው በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ነው፣ ጣሪያው የቴምር ግንድ። እኛ አገር «ጭቃ ቤት» ሲባል ቶሎ የሚታየን ድህነት ነው። ጋዳሜሶች ግን በዚያው ጭቃ ፎቅ ሠርተዋል። ምድር ቤቱ ለዕቃ፣ መሃሉ ለቤተሰብ፣ ሰገነቱ ለሴቶች። ወጥ ቤቱም እላይ ነው። ሰገነቶቹ ስለሚገናኙ ሴቶቹ ወደ መንገድ ሳይወርዱ ከቤት ቤት እየተሻገሩ ይጠያየቁ ነበር። ታች ያለው መንገድ በአብዛኛው የወንዶች ነበር። ይህ አከፋፈል ለሁላችንም ላይጥመን ይችላል፤ ለእኔም ጥያቄ አለው። ሴቶቹ ግን እላይ የራሳቸው ከተማ ነበራቸው።

ሳሎኑ ብርሃን የሚያገኘው ጣሪያው ላይ ካለች አንዲት ቀዳዳ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መስታወቶች ያንን ብርሃን ይበትኑታል። ነጩን ግድግዳ በቀይ ቀለም የሚያስጌጡት ሴቶቹ ናቸው። ጥግ ላይ ትንሽ ጉልላት ያላት ክፍል አለች። የቤቱ ሴት በሙሽርነቷ ትቀመጥባት ነበር፤ ባሏ ሲሞት ደግሞ ለቅሶ ትቀበልባት ነበር።

ዩኔስኮ አሮጌውን ከተማ በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በእነዚያው ዓመታት ነዋሪው መንግሥት በአጠገቡ ወደሠራው አዲስ የብሎኬት ሰፈር ተዛወረ። ሰፊ መንገድ፣ መብራት፣ የቧንቧ ውሃ አገኘ። ማንም ይህን ስለፈለገ አይወቀስም። ግን በጋው ሲከር ብዙ ቤተሰብ አሮጌ ቤቱን ከፍቶ ይገባል። ቤቱን አልሸጠም፣ አልተወውም። ይጠግነዋል፣ አትክልቱን ያጠጣል።

የግማሽ ዓመት ሥራችሁ የመኖሪያ መንደር ንድፍ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እስቲ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤቶቹን ከመንደፋችሁ በፊት በመካከላቸው ያለውን መንገድ ሣሉት። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚያርፍም አስምሩበት። በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።