ስድስቱ የት ሄደ?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን አደራችሁ!

ክፍልፋይን ስለ ማቃለል እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ 8/12 ጻፍኩ። ላዕሉንም (የላዩን ቁጥር) ታህቱንም (የታቹን) ለ4 አካፍዬ 2/3 አልኩ። ልጁ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ 8 ነበረን፤ አሁን 2 ሆነ። ስድስቱ የት ሄደ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ልጁ እውነቱን ነው። «ለዚህ አካፍል፣ ለዚያ አካፍል» እያልኩ ስንት ዓመት ሳስተምር፣ ምን እየሆነ እንደሆነ አሳይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ድፎ ዳቦ ይዤ ገባሁ። 12 እኩል ቦታ ቆረስነው። ስምንቱን ቁራሽ ወደኛ ሳብን፣ አራቱን ራቅ አደረግን። ከዚያ ልጁን «አራት አራቱን ሰብስብና አንድ ላይ አድርግ» አልኩት። ሦስት ክምር ወጣው። ከሦስቱ ሁለቱ የኛ ናቸው። ፍርፋሪ እንኳ አልጎደለም። ቁራሹ ተለቅ አለ፣ ቁጥሩ አነሰ፣ ዳቦው ያው ነው። ማቃለል ማለት ይኸው ነው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ለካ!» አለ። ያቺን «ለካ» እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ወላጆች፣ «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ስትሉ እሰማለሁ። እባካችሁ ልጆቻችሁ ፊት እንዲህ አትበሉ። እውነትም አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ «ሩብ ኪሎ ቡና» ትላላችሁ። ከ1000 ግራም 250ው ማለት ነው፤ ሁለቱንም ለ250 ስታካፍሉ 1/4። ሰዓት ስትጠየቁ «ሦስት ከሩብ» ትላላችሁ። ከ60 ደቂቃ 15ቱ ማለት ነው። ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ የምንላቸው ሁሉ ተቃልለው ያለቁ ክፍልፋዮች ናቸው። መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ያረሱ አያቶቻችን ድርሻቸውን አሳምረው ያውቁ ነበር።

ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ከላይም ከታችም እኩል ቁጥር መቀነስ ማቃለል አይደለም። ከ8ቱም ከ12ቱም 4 ብትቀንሱ 4/8 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ግማሽ ነው። ድርሻችሁን በላችሁት ማለት ነው!

«የማካፍለውን ቁጥር ከየት ላምጣ?» ለምትሉኝ ጣናን ልጥራላችሁ። ሐይቃችን ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ሰፊው ቦታ ላይ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ የርዝመቱ ስንት እጅ ነው? 66/84። ይህን ለማቃለል ኪሎ ሜትሩን በሳንቲ ሜትር ተክቼ፣ ታንኳ ከሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ከደንገል፣ ሁለት ቆርጫለሁ፤ አንዱ 84 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 66። አጭሩን ረጅሙ ላይ አስተኛሁት፤ 18 ተረፈ። በ18ቱ አጭሩን ለካሁት፤ ሦስቴ ገባና 12 ተረፈ። በ12ቱ 18ቱን ለካሁ፤ 6 ተረፈ። በ6ቱ 12ቱን ስለካ ግን ልክ ሁለቴ ገባ፤ ምንም አልተረፈም። እዚህ ላይ ቆምኩ። ሁለቱንም ደንገሎች ያለ ትርፍ የሚለካው ትልቁ ቁራጭ 6 ነው። በመጽሐፋችሁ «ትልቁ የጋራ አካፋይ» የተባለው እሱ ነው። አጭሩ 11 ስድስት፣ ረጅሙ 14 ስድስት አለው። ስለዚህ 11/14። 14ን ያለ ትርፍ የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 7 እና ራሱ 14 ናቸው፤ 11ን ከ1 በቀር አንዳቸውም አያካፍሉትም። ከዚህ በታች አይወርድም።

ይህን የመለካት ዘዴ የግሪኩ ኤውክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ጽፎታል። የማባዛት ሠንጠረዥ የሚያስቸግረው ልጅ እንኳ በእጁ ሊሠራው ይችላል። እኔ በጣም የምወደው ለዚህ ነው።

ደንገሎቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሌሎች ያልተለኩም አስቀምጫለሁ። ልጆች፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ሁለት ሁለት እየመረጣችሁ ለኩ፤ ያገኛችሁትን ክፍልፋይ ሰሌዳው ላይ ጻፉልኝ። አመሰግናለሁ።