ልጄ በነጎድጓድ ጥበቃ ላይ ነው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሐምሌ ሲገባ ስልካችንን የሚያጨናንቁት የወታደር ቤተሰቦች ናቸው። የአደጋ መከላከል ባለሙያችን እንዲህ መልሰዋል።

«ልጄ ደጋ ላይ ጥበቃ ይቆማል። ሲያጉረመርም ዛፍ ስር ተጠለል እለዋለሁ።» (እናት፣ ከደሴ)

ኧረ በአላህ፣ ኧረ በማርያም! እናቴ፣ አሁኑኑ ይደውሉና ምክርዎን ያንሱ። መብረቅ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለውን ነው የሚመታው። ዛፉን ሲያገኘው ወደ ጎን ይዘልና ስሩ የቆመውን ይመታል። በመሬትም በኩል ይሄዳል። እረኛውም፣ ከገበያ ተመላሹም ዝናብ ሸሽቶ መብረቅ ስር ይገባል። ይበስብስ! ልብስ ይደርቃል።

የት ይግባ? ደህና ቤት ውስጥ፣ ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ። ድንኳን ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። ሸራ የለበሰ ኦራልም ያው ነው፤ ጋቢናው ይሻላል። ምንም ከሌለ ከተራራው ጫፍ ዝቅ ይበል፤ ከጓዶቹም ራቅ ራቅ ብለው ይሁኑ። ወታደር ቦታውን ዝም ብሎ እንደማይለቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ደመናው ሳይመጣ አለቃውን ይጠይቅ።

ብልጭ ሲል ይቁጠር። ድምፁ 1 ኪሎ ሜትር ለመምጣት 3 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። 30 ሳይደርስ ካጉረመረመ ቀርቧል፤ ይግባ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆይ።

«ጠብመንጃው መብረቅ ይስባል?» (ከሐይቅ)

አይስብም። የሬዲዮውን ረጅም አንቴና ግን ያውርድ።

«ሞባይሉስ?»

በእጁ ቢይዘው ችግር የለም። ሶኬት ላይ ሰክቶ አያውራ።

«ባለቤቴ ለጎርፍ ሥራ ተልኳል። ቦርከናን በእግሩ ቢሻገርስ?» (ከኮምቦልቻ)

አይሻገር። 15 ሴንቲ ሜትር የሚጋልብ ውሃ ሰው ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር መኪና ይወስዳል። እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ላይ ደሴ ከዘነበ ወንዙ ይሞላል። ዳር ቆሞ ሲጠብቅም፣ አደራ፣ ዛፍ ስር አይሁን።

«መብረቅ የመታውን ሰው መንካት ያስይዛል?» (ከወልድያ)

አያስይዝም፤ ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ካልተነፈሰ ቶሎ ብላችሁ የደረቱን መሀል በኃይል ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ሌላው እርዳታ ይጥራ። ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው።

«ደመና ባየሁ ቁጥር ይርደኛል፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንታት አለፉ።» (የወታደር ሚስት)

እህቴ፣ ይሄ የእኔ ሙያ አይደለም። ዱዓውም ጸሎቱም እንዳለ ሆኖ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።