ዓሣ ነባሪ ልታዩ ስትወጡ ትንፋሹን ጠብቁ

(ምስል፦ ጸጥ ያለ ባሕር። ከሩቅ ነጭ ጭጋግ ብቅ ብሎ ይጠፋል።)

አያችሁት? ቶሎ ስለሚጠፋ እንደገና ላሳያችሁ። ከአድማሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በስተቀኝ። ያ ነጭ ነገር የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ነው።

ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዳችሁ የዓሣ ነባሪ ጉብኝት ካማራችሁ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ ስሙ ዓሣ ቢልም ዓሣ አይደለም። እንደ እኛ ሳንባ አለው፤ ግልገሉን ጡት ያጠባል። የቱንም ያህል ጠልቆ ቢቆይ ለመተንፈስ መውጣቱ አይቀርም። እኛም የምናየው ስለሚተነፍስ ነው።

(ምስል፦ የመተንፈሻ ቀዳዳው ከቅርብ፤ ሲከፈትና ሲዘጋ።)

ብዙ ሰው ከቀዳዳው ውሃ የሚረጭ ይመስለዋል። በኃይል የሚወጣ ሞቃት ትንፋሽ ነው፤ ውጭ ያለውን አየር ሲያገኝ ጭጋግ ይሆናል። በብርድ ጠዋት ከአፋችን የሚወጣው ዓይነት። ቅርጹን ካወቃችሁ ደግሞ ባለቤቱን ከሩቅ መለየት ትችላላችሁ። ራይት ዌል የሚባለው ሁለት ቀዳዳዎቹ ስለሚራራቁ ትንፋሹ ለሁለት ተከፍሎ ይወጣል። የስፐርም ዌል ቀዳዳ በጭንቅላቱ ግራ በኩል ስለሆነ ትንፋሹ ወደ ፊትና ወደ ግራ ያዘነብላል። የሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ 9 ሜትር ያህል ይወጣል።

አሁን ወቅቱ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት "በዚህ ወር ምን ይታያል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሃምፕባክ የሚባሉት በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ በሙቀት ወራት ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ይመገባሉ፣ በብርድ ወራት ሞቃት ባሕር ሄደው ይወልዳሉ። በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ግራጫዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ከግልገሎቻቸው ጋር የሚታዩት ከጥር እስከ መጋቢት ገደማ ነው። በኒውዚላንድ ካይኮራ ግን ጥልቅ የባሕር ሸለቆ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም ስለማይርቅ ስፐርም ዌል ዓመቱን ሙሉ ይታያል። ጀልባ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ደቡብ አፍሪካ ሄርማነስን አስቡ። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ገደሉ ላይ ቆማችሁ፣ እግራችሁ ውሃ ሳይነካ ማየት ትችላላችሁ።

(ምስል፦ እናትና ግልገል ጎን ለጎን። ጀልባው ርቆ ቆሟል።)

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ይህችን እናት እዩአት። ግልገሏ እየጠባ ነው። ጀልባ እየተሯሯጠ ከቀረባት ትሸሻለች። ግልገሉ ጡቱን ይተዋል፣ ያላረፈ ሰውነቱን ይዞ ይከተላታል። ቀኑን ሙሉ ጀልባ ሲመላለስባቸው ምን እንደሚሆኑ አስቡት። ለዚህ ነው አውስትራሊያ ውስጥ ጀልባ ከዓሣ ነባሪ ቢያንስ 100 ሜትር፣ ግልገል ካለ 300 ሜትር እንዲርቅ ሕጉ የሚያዘው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት "ስንት ሜትር ላይ ትቆማላችሁ?" በሉ። ደንቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሳያቅማማ ይመልስላችኋል። "እስክትነኩት አስጠጋችኋለሁ" የሚላችሁን ግን ትታችሁ ሂዱ። ጎበዝ ካፒቴን መንገዳቸውን አይዘጋም፤ ራቅ ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይጠብቃል። አንዳንዴ ዓሣ ነባሪው ራሱ ይመጣል። ያኔ የመጣው ፈልጎ ነው፤ ደስታውም ሌላ ነው።

ጀልባ ላይ ስትሆኑ፦ ዳር ሞቃት ቢሆንም መሃል ባሕር ላይ ነፋሱ ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ውሰዱ። ስልካችሁ ላይ አታቀርቅሩ፤ ዓይናችሁን አድማሱ ላይ አድርጉ። አስጎብኚው "ሦስት ሰዓት ላይ!" ብሎ ከጮኸ ሰዓቱን እየነገራችሁ አይደለም። የጀልባው አፍንጫ በሰዓት ገበታ ላይ 12 ቁጥር ነው፤ ሦስት ማለት በቀኝ በኩል ነው።

(ምስል፦ የሃምፕባክ ጭራ ቀስ እያለ ይነሳል። ውሃ ከጫፉ ይንጠባጠባል።)

ጀርባው እንዲህ ጎበጥ ሲል ካሜራችሁን አዘጋጁ፤ ሊጠልቅ ነው። የጭራውን የታች ገጽ እዩ። ጥቁርና ነጩ ቅርጽ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ፎቶአችሁን ሃፒዌል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ብትጭኑት፣ ያው እንስሳ ከዚህ በፊት የት እንደታየ ልታውቁ ትችላላችሁ። ለተመራማሪዎችም ትልቅ እገዛ ነው።

ጭራው ከገባ በኋላ ውሃው ላይ የሚቀረውን እዩ። ዙሪያው እየሞገደ መሃሉ ብቻ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ለስላሳ ክብ ይሆናል። ጭራው ሲመታው ወደ ላይ የተገፋው ውሃ ነው። የዓሣ ነባሪ ዱካ ይሉታል።

ሃምፕባክ ከሆነ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል። ስፐርም ዌል ከሆነ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ዝም በሉና ጆሯችሁንም ስጡ። አንዳንዴ ከመታየቱ በፊት ትንፋሹ ይሰማል።