ያ 18 የት ገባ? የሙድልን የውጤት ታሪክ ስናነብ

«ቲቸር፣ ባለፈው ሳምንት ሳየው 18 ነበር። አሁን 13 ይላል።»

አስተማሪ ከሆናችሁ ይህን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ልጁ እርግጠኛ ነው። እናንተ ደግሞ 120 ተማሪ አላችሁ። የማንን ማርክ መቼ እንደነካችሁ ማን ያስታውሳል? በወረቀት መዝገብ ቢሆን ስርዝ ድልዙን አይተን እንለይ ነበር። ስክሪን ላይ ግን ስርዝ ድልዝ የለም። 13 ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል።

ስርዝ ድልዙ አልጠፋም፣ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዛሬ እሱን በሙድል እንፈልጋለን።

ሙድል በአውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጂያማስ የተጀመረ ነጻ የማስተማሪያ ሶፍትዌር ነው። የመጀመሪያው እትም በፈረንጆች 2002 ወጣ። የውጤት ታሪክ ሪፖርቱ የመጣው ግን በ2014፣ በ2.8 እትም ነው። እኔን ብትጠይቁኝ በጣም ዘግይቷል።

[ስክሪን፦ የኮርሱ ገጽ]

ኮርሱን ክፈቱ፣ «ግሬድስ» ውስጥ ግቡ። ከላይ ካለው ምርጫ «ግሬድ ሂስትሪ» የሚለውን ያዙ። ተማሪውን ምረጡ፣ ፈተናውን ምረጡ፣ ከፈለጋችሁም ቀን ገድቡ። «ሪቫይዝድ ግሬድስ ኦንሊ» የምትለዋን ሳጥን ግን አትርሷት። ካልነካችኋት ማርኩ ያልተቀየረባቸው መስመሮችም አብረው ይዘረገፋሉ። ውጤቱን በኤክሴል ማውረድም ይቻላል።

[ስክሪን፦ ሪፖርቱ፣ አንድ መስመር ደምቆ]

ይኸው። የቀድሞው ውጤት 18፣ የተቀየረው 13። ቀጥሎ ማርኩን የሰጠው ሰው ስም አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና ጠብ ይጀምራል። ቆይ! መጀመሪያ «ሶርስ» የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ፣ ማርኩ በየት በር እንደገባ የሚነግረን እሱ ነው። «ሞድ ኩዊዝ» ካለ ከፈተናው ራሱ የመጣ ነው። «ኢምፖርት» ካለ አንድ ሰው ፋይል ጭኗል። «ግሬድቡክ» ካለ ደግሞ ሰው በእጁ የውጤት ሠንጠረዡ ላይ ጽፏል ማለት ነው።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ልንገራችሁ። ራሱ በሚያርም ኩዊዝ ላይ ማርክ ሰጪው ተማሪው ራሱ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሲስተሙ ተሰብሮ አይደለም! ተማሪው «ጨርሻለሁ» ብሎ ሲልክ ማርኩ በእሱ አካውንት ስለሚመዘገብ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ ልጁን መክሰስ ትልቅ ስህተት ነው።

የእኛ መስመር «ግሬድቡክ» ይላል። «ኦቨርሪድን» በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ «የስ» አለ። ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ሠንጠረዡ ላይ በእጅ ስትጽፉ ሙድል ያቺን ማርክ በእናንተ ቃል ያስራታል። ከዚያ በኋላ ኩዊዙን መቶ ጊዜ ብታርሙት ሠንጠረዡ አይሰማም። ልጁ ኩዊዙን ሲከፍት 18፣ ሠንጠረዡን ሲከፍት 13 የሚያየው ለዚህ ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ሰዓቱስ? 2፡40 ኤኤም ይላል። በእኛ ከሌሊቱ 8፡40 መሆኑ ነው። ግን ሰዓቱ የሚታየው በፕሮፋይላችሁ የሰዓት ክልል ነው። የአዲስ አበባ ካልሆነ መስመሩ በሌላ ሰዓት ያሳያችኋል። ክርክሩ «ከቀነ ገደቡ በፊት ነው በኋላ» ከሆነ መጀመሪያ ይህን አስተካክሉ።

ብዙ ኮርስ በአንዴ መመርመር ከተፈለገ ነገሩ ወደ አድሚኑ ይሄዳል። ዳታቤዙ ውስጥ የውጤት ታሪክ የራሱ ሠንጠረዥ አለው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ 1 ማለት ማርኩ ገባ፣ 2 ተቀየረ፣ 3 ተሰረዘ ማለት ነው። አንድ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ጥያቄ ይበቃል። አድሚኑን ስታገኙት ግን ይህንንም ጠይቁት፦ ታሪኩ ስንት ቀን ይቆያል? ቀን ሊወሰንለት ይችላል፣ ጭራሽ ሊዘጋም ይችላል። ከተዘጋ የምትፈልጉት ነገር ቀድሞውኑ አልተጻፈም።

«ለምን ተቀየረ» የሚል ዓምድ ግን የለም። አስተያየት የጻፈ ካለ ይታያል፤ ካልጻፈ ባዶ ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ከልጁ ስም ሥር ያለውን ተማሪ እንየው። ኩዊዙን በሙድል አልተፈተነም፣ በወረቀት 13 አግኝቶ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ ግን ቦታው ባዶ ነው። ገባችሁ? ከሌሊቱ 8፡40፣ ዐይን ደክሞ፣ 13ቱ አንድ መስመር ወደ ላይ ተጻፈ።

[ስክሪን፦ የማርኩ ማስተካከያ ገጽ]

13ቱን ለባለቤቱ ጻፉለት። ወደ መጀመሪያው ልጅ ተመለሱና «ኦቨርሪድን» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ ሴቭ አድርጉ። 18 ከኩዊዙ ራሱ ይመለሳል፣ መጻፍ አያስፈልግም። ይህም እርማት እንደ አዲስ መስመር ይመዘገባል። ነገ ታሪኩን የሚከፍት ሰው 18፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ እንደገና 18 ያያል።