ሁሉንም በአንድ ቀን አትጠቡ

እሷ፦ ሰላም ሰላም አድማጮቻችን! ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ አይደለንም። አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ የእሱ ሳሎን ቁጭ ብለናል። ከጀርባ ውኃ ሲወርድ ከሰማችሁ ቧንቧ ፈንድቶ እንዳይመስላችሁ። የጨው ውኃ አኳሪየሙ ነው።

እሱ፦ ማይኩን ወደዚያ አዙሪው ብዬሽ ነበር።

እሷ፦ ይሰማ! 75 ጋሎን ነው፣ በሊትር 280 ምናምን። ላዩ ኮራል ነው፣ ያ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፤ ወይን ጠጁ፣ አረንጓዴው፣ ብቻ ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው። ከታች ያለውን ካቢኔት ስከፍተው ግን ጋራዥ የገባሁ መሰለኝ። ቱቦ፣ ፓምፕ፣ አንድ አረፋ የሚተፋ ነገር፣ ደግሞ ካልሲ!

እሱ፦ ካቢኔቱ ውስጥ ያለው ገንዳ ሳምፕ ይባላል። ማጣሪያው በሙሉ እዚያ ነው። ካልሲውም የእግር አይደለም፤ ፈረንጆቹም ግን ካልሲ ነው የሚሉት። ውኃው ከላይ ሲወርድ መጀመሪያ በእሱ ያልፋል። የእኔ ቀዳዳው 200 ማይክሮን ነው፣ የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ። ከዚያ የሚተልቅ ነገር፣ የምግብ ፍርፋሪ በይው የዓሣ ካካ፣ እዚያ ይቀራል።

እሷ፦ በቃ፣ ቆሻሻው ተያዘ።

እሱ፦ ተያዘ እንጂ አልወጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ውኃው እኮ ቀኑን ሙሉ በዚያ ቆሻሻ መሃል ነው የሚያልፈው። ካላወጣሽው እዚያው ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል፣ በመጨረሻ ናይትሬት ሆኖ ተመልሶ ኮራሉ ጋ ይሄዳል። ስለዚህ በሦስት በአራት ቀን ይቀየራል። ስምንት ካልሲ አለኝ። የቆሸሸውን አጠራቅሜ አንዴ ነው የማጥበው።

እሷ፦ በምን?

እሱ፦ ገልብጬ በጎማ ውኃ በደንብ እመታዋለሁ። ከዚያ በረኪና በነካው ውኃ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ። የበረኪናው ሽታ ድራሹ እስኪጠፋ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። በረኪናው ሽቶ የሌለው ይሁን። ሳሙና ደግሞ በፍጹም!

እሷ፦ ይህ "በፍጹም" ታሪክ ያለው መሰለኝ።

እሱ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ላውንድሪው ጋ የቆሸሹ ካልሲዎች ተከምረው አየች። መቼም ዝም አትልም። ከፎጣ ጋር ማሽን ውስጥ ከተተቻቸው። ሳሙና፣ በዚያ ላይ የልብስ ማለስለሻ። አጣጥፋም አስቀመጠችልኝ! እኔ ምን አውቄ፣ አንዱን አንስቼ አስገባሁ።

እሷ፦ ወይኔ።

እሱ፦ ያ አረፋ የሚተፋ ያልሽው ስኪመር ነው። ደቃቅ አረፋ ይሠራል። ውኃው ውስጥ ያለው ቅባትና ፕሮቲን አረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይኛው ኩባያ ይወጣል፣ አንቺ እሱን ትደፊያለሽ። ሳሙና ሲያገኝ ግን ያብዳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ። ምንጣፉን ስረግጠው ጭቅ አለ። ነጭ አረፋ በካቢኔቱ በር ሥር እየተገፋ ይወጣል፣ ልክ እንደተናወጠ ቢራ። ስኪመሩን አጠፋሁ፣ ውኃ ቀየርኩ፣ አዲስ ካርቦን፣ ውኃ የሚያጣራ ከሰል ማለት ነው፣ ጨመርኩ። ለመረጋጋት ሁለት ቀን ፈጀ።

እሷ፦ እናትህስ ምን አሉ?

እሱ፦ አልነገርኳትም። ይህን ክፍል እንዳትልኪላት።

እሷ፦ እሺ፣ አልልክም። በከረጢት ያሉት ኳሶችስ? ሴራሚክ ነው ያልከኝ። ቡናማ ሆነዋል፣ አተላ ይዘዋል። እነሱም በረኪና ውስጥ ይግቡ?

እሱ፦ ኧረ ባክሽ! እጅሽን አንሺ! እነሱ ቤት ናቸው። በየቀዳዳቸው ባክቴሪያ ነው ያለው። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። አሞኒያ ዓሣ ይገድላል፤ ናይትሬት ካልበዛ ምንም አይልም።

እሷ፦ እርሾ ነው በለኛ።

እሱ፦ በቃ እርሾ። ቡሃቃውን በኦሞ ፈትገሽ በማግሥቱ ሊጡ ለምን አልቦካም ትያለሽ?

እሷ፦ እኔ እንጀራ ከሱቅ ነው የምገዛው።

እሱ፦ እኔም ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ታንኩ ያኔ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ኮራሉ የተቀመጠበት ድንጋይ ደረቅ ሆኖ ስለገባ ባክቴሪያው በደንብ አልያዘውም፤ አብዛኛው ሴራሚኩ ላይ ነበር። ታዲያ ኩሽና ገብቼ ከቧንቧ ሥር ነጭ እስኪሆን አጠብኩት። ኮራሁም። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ውኃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። የአሞኒያ መመርመሪያው ቢጫ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ሆነ። አንዷ ክላውንፊሽ ሞተችብኝ።

እሷ፦ በቧንቧ ውኃ ብቻ?

እሱ፦ የቧንቧ ውኃ ጀርም እንዲገድል ሆኖ ነው የሚመጣው። እዚህ ዋሽንግተንና አርሊንግተን ክሎራሚን ነው የሚጨመርበት፣ ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው ማለት ነው። ክሎሪን ብቻ ቢሆን ባልዲ ውስጥ ስታቆይው ይተናል። ክሎራሚን እንዲያ በቀላሉ አይሄድም። በየፀደዩ ደግሞ ቧንቧ ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይመለሳሉ። ለባክቴሪያው ሁለቱም ያው መርዝ ናቸው። ታንኩ ውስጥ የሚገባውን ውኃ በሙሉ አር.ኦ. ዲ.አይ. በሚባል የውኃ ማጣሪያ መሣሪያ የማሳልፈውም ለዚህ ነው።

እሷ፦ ታዲያ ኳሶቹ አይነኩም?

እሱ፦ ይነካሉ፣ በዘዴ። ውኃ በምቀይርበት ቀን ከታንኩ የቀዳሁትን ጨዋማ ውኃ ባልዲ ውስጥ አደርጋለሁ። ሲሶውን ብቻ አውጥቼ ነከር ነከር፣ ዝቃጩ እስኪራገፍ። ቡናማነቱ ይቅር። የቀረውን ሌላ ጊዜ።

እሷ፦ ካርቦኑስ? እሱ ይታጠባል?

እሱ፦ ከመግባቱ በፊት ጥቁር አቧራው እንዲወጣ በተጣራ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ማጠብ ዋጋ የለውም። ቀዳዳዎቹ ከሞሉ ሞሉ፣ ይጣላል። እኔ በወር እቀይራለሁ። መድረሱን ለማወቅ ነጭ ባልዲ ውስጥ የታንኩን ውኃ፣ ሌላ ነጭ ባልዲ ውስጥ አዲስ የተበጠበጠ ጨው ውኃ አድርጊና ጎን ለጎን እያቸው። የታንኩ እንደ ቀጭን ሻይ ቢጫ ካለ ካርቦኑ ደክሟል።

እሷ፦ ይህ በርበሬ የመሰለውስ?

እሱ፦ ጂ.ኤፍ.ኦ. ዞሮ ዞሮ የብረት ዝገት ነው፣ በጥራጥሬ መልክ። ፎስፌት ይይዛል። ፎስፌት ከምግብ ነው የሚመጣው። ሲበዛ አልጌ ያበቅላል፣ ኮራሉም አጥንቱን በደንብ እንዳይሠራ ያደርገዋል።

እሷ፦ ዜሮ ማድረግ ነዋ!

እሱ፦ እንዲያ ብዬ ነው የተቃጠልኩት። በሊትር 0.25 ሚሊግራም ነበር። ጣሳው ላይ ከተጻፈው በላይ ጨመርኩ። በአራት ቀን ዜሮ ገባ። አክሮፖራ የሚባለው ኮራሌ ከሥሩ ጀምሮ ቆዳው ይላጥ ጀመር፣ ነጭ አጥንቱ ቀረ። ኮራልም እኮ ፎስፌት ይፈልጋል፤ ትንሽ ነው እንጂ። አሁን ከ0.03 እስከ 0.1 መሃል ነው የምይዘው። ከታዘዘው ግማሹን አስገብቼ በየሳምንቱ እለካለሁ። በጥራጥሬው መሃል ውኃ የሚገፋው ፓምፕም ቀስ ይበል። የጥራጥሬው ላዩ ብቻ እንደ ሽሮ ሲንተከተክ ልክ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ተጣብቆ ጡብ ይሆናል፣ ከፈጠነ ተፈጭቶ ታንኩን ያቀላዋል።

እሷ፦ ይህ ሁሉ ግን የግድ ነው? ወይስ ሱቁ ሸጠልህ?

እሱ፦ እውነቱን ልንገርሽ? ግማሹ የግድ አይደለም። በርሊን የሚባል አሠራር አለ። ባክቴሪያ የያዘ በቂ ድንጋይና ጥሩ ስኪመር፣ ዋናው ነገር ይኸው ነው። እኔ ዓሣ ስለማበዛና ስለምቀልባቸው ነው ሌላውን የጨመርኩት።

እሷ፦ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ ምንድን ነው? "ካርቦን፦ ሚካኤል። ሴራሚክ፦ ማርያም። ጂ.ኤፍ.ኦ.፦ ባለወልድ።"

እሱ፦ አትሳቂ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከነካሽ ውኃው ይናወጣል፣ የትኛው እንደበደለሽም አታውቂም። ስለዚህ ከፋፈልኳቸው። በ12፣ በ21፣ በ29። የፈረንጁን ቀን እረሳለሁ፣ ይህን አልረሳም። እናቴ አይታው ልጄ ማኅበር ገባ ብላ እልል ልትል ነበር።

እሷ፦ ቆይ፣ ድምፁ ተለወጠ። ሰማህ?

እሱ፦ ካልሲው ሞልቶ ነው። ውኃው በላዩ እየዘለለ ነው።

እሷ፦ ከተቀየረ ስንት ቀኑ ነው?

እሱ፦ ስድስት።

እሷ፦ በሦስት በአራት አይደል ያልከው?

እሱ፦ ከአንቺ ጋር ዝግጅት ላይ አልነበርኩም እንዴ! አቁሚው ቅጂውን። ያቺን ባልዲ አቀብዪኝ።